ተንቀሳቃሽ ኬላ በጠፈር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ በሳይንሳዊ ልብወለድ ስለሚቀርቡ ግዙፍ የጠፈር ጦር መርከቦች ጽፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ግን የሚጠይቁት ስለ ትንንሾቹ፣ ማለትም ጥቂት ሰው ይዘው በፕላኔቶች ዙሪያና መካከል እየተዘዋወሩ ስለሚጠብቁት የቅኝት መርከቦች ነው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ራሳቸው ደራሲያን ወይም ለመድረስ የሚሞክሩ እንደሆኑ ከአጠያየቃቸው ያስታውቃል። ስለዚህ መልሶቻችንን ለሚጽፍ ሰው እንዲመቹ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ እየጻፍኩት ባለው ልብወለድ ውስጥ ከማርስ ወደ ምድር የሚመላለሱ የጭነት መርከቦችን እያስቆመች የምትፈትሽ አንዲት የቅኝት መርከብ አለች። አዛዥዋን ጨምሮ ያሉባት ስድስት ሰዎች ናቸው። ወንድሜ ረቂቁን አንብቦ «ስድስት ሰው እንኳን ለጦር መርከብ ለሰፈር ጥበቃም አይበቃ» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድምዎ ሳቃቸውን ቢያበዙትም ነገሩን አልሳቱም። ሒሳቡን ከአንዲት ወንበር እንጀምር። በመርከቢቱ ውስጥ ሌት ተቀን ሰው የማይለያት አንዲት ወንበር ብቻ ብትኖር ለእርሷ ብቻ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ አንድ ሰው ስምንት ሰዓት ነቅቶ ከጠበቀ በኋላ የቀረውን ጊዜ ለእንቅልፍ፣ ለምግብ፣ ለጽዳትና ለጥገና ይፈልገዋልና። ከመሪው ወንበር ሌላ ሞተሩንና የኃይል ማመንጫውን የሚከታተል፣ እንዲሁም አካባቢውን በመሣሪያ እየቃኘ መልእክት የሚቀበል ሰው ሲጨመር ወንበሮቹ ሦስት፣ ሰዎቹ ዘጠኝ ይሆናሉ። ተራ የማይገባው አዛዥ ሲታከል አሥር ሆኑ። እስካሁን መርከቧ ትሄዳለች እንጂ ማንንም አላስቆመችም።

የቅኝት መርከብ ልዩ ጠባይ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጠላቷን ከሩቅ መትታ የምትመለስ መርከብ የሚያስፈልጋት ሰው በራሷ አሠራር ይወሰናል። የቅኝት መርከብ ግን የሚያስፈልጋት ሰው የሚወሰነው በምታስቆማት በሌላይቱ መርከብ ነው። ፈታሾቹ ወደ ሰው መርከብ ሲገቡ ሁለቱ በር ላይ ይቆማሉ፤ ሁለቱ ጭነቱን ያያሉ፤ አንዱ ከመኮንኑ ጋር ሆኖ ሰነዱን ይመረምራል። የተጠረጠረችው መርከብ በቁጥጥር ሥር ውላ ወደ ወደብ ትሂድ ከተባለ ደግሞ የሚነዷት ሰዎች ከእነዚሁ ላይ ተቀንሰው ይሄዳሉ፤ በእርሷም ላይ ቢሆን የመሪዋ ወንበር ሦስት ሰው ይፈልጋል። እንዲህ እየቆጠሩ ሲሄዱ ከአሥራ ስምንትና ከሃያ ሰው በታች መውረድ አስቸጋሪ ይሆናል።

የባሕሩ ታሪክም ይህንኑ ይናገራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያና ካናዳ በአትላንቲክ ላይ የነጋዴ መርከቦችን ያጀቡባቸው፣ የአበባ ስም የተሰጣቸው ኮርቬት የሚባሉ ትንንሽ የጦር መርከቦች ርዝመታቸው 62 ሜትር ገደማ፣ ፍጥነታቸውም 16 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ ንድፋቸው የተቀዳው ከዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ነው። መርከበኞቻቸው «በእርጥብ ሣር ላይ እንኳ ትንገዳገዳለች» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። በጦርነቱ ማብቂያ ገደማ በእንዲህ ያለች ጠባብ መርከብ ላይ 85 ያህል ሰው ይታጨቅ ነበር። ሰዉን የሚበላው መድፉ አልነበረም፤ የጥበቃው ተራ ነው።

በእርግጥ የእርስዎ ዘመን ማሽን ብዙውን ሥራ ይሠራል፤ ስለዚህ ወንበሮቹን መቀነስ ይችላሉ። ሆኖም አንድ ነገር እንምከርዎ፦ ስድስቱን ሰዎች አይንኳቸው፤ አልጋዎቹን ግን አሥራ ስምንት ያድርጓቸው። የቀሩት አሥራ ሁለቱ ከዚህ በፊት የተያዙ ሁለት መርከቦችን ለማድረስ ሄደዋል ይበሉ። ያን ጊዜ የስድስቱ ሰዎች ድካም፣ ባዶዎቹ አልጋዎችና ሦስተኛዋ ተጠርጣሪ መርከብ ስትታይ በአዛዡ ፊት ላይ የሚነበበው ጭንቀት ሁሉ ምክንያት ያገኛል።

ድካሙን በቀላሉ አይዩት። እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት የአሜሪካ አጥፊ ጦር መርከቦች በሁለት ወር ልዩነት ከንግድ መርከቦች ጋር ተጋጭተው በመጀመሪያው 7፣ በሁለተኛው 10 መርከበኞች ሲሞቱ፣ በምርመራው ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የእንቅልፍ እጦት ነበር። የብሪታንያ ባሕር ኃይል ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በአራት አራት ሰዓት የተከፈለውን ተራ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ላይ ለሁለት ይሰብረዋል፤ የተራዎቹ ቁጥር ጎዶሎ ስለሚሆን እነዚያው ሰዎች ሌሊት ሌሊቱን ብቻ ሲጠብቁ አይኖሩም። እንዲህ ያለችው ትንሽ ብልሃት በልብወለድ ውስጥ ስትገባ ደራሲው መርከብ ላይ ያደገ ያስመስለዋል።

ጥያቄ፦ በብዙ ታሪኮች ውስጥ የቅኝት መርከብ ሞተሯን አጥፍታ፣ ከአንድ አለት ጀርባ ተደብቃ ጠላቷን ታደባለች። ጠፈር ቀዝቃዛና ጨለማ ስለሆነ መደበቁ ቀላል ይመስለኛል። ተሳስቻለሁ? (ከሪያድ)

መልስ፦ ጠፈር ቀዝቃዛ ነው ሲባል ሁላችንም የሚታየን የደጋ ሌሊት ብርድ ነው፤ ስሕተቱ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። የደጋ ብርድ የሚያንዘፈዝፈን አየሩ ገላችንን እየነካ ሙቀታችንን ስለሚወስደው ነው። በጠፈር የሚነካን አየር የለም። እቤት ያለውን ፔርሙስ ያስቡት፤ በሁለቱ ግድግዳዎቹ መካከል ያለው አየር ተመጥጦ ስለወጣ ጠዋት የተጨመረበት ሻይ እስከ ማታ ይፋጃል። የጠፈር መርከብ በትልቅ ፔርሙስ ውስጥ እንዳለ ሻይ ነው፤ ልዩነቱ ይህ ሻይ በመሐሉ እሳት የሚነድድበት መሆኑ ነው።

እሳቱ ምንድን ነው? አንድ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ እንኳ 100 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። በዚያ ላይ ኮምፒውተሮቹ፣ የአየር ማጣሪያው፣ ፓምፖቹና የኃይል ማመንጫው አሉ። በምድር ዙሪያ የሚዞረው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ውስጡ እንዳይግል አሞኒያ በሚዘዋወርባቸው ትልልቅ ራዲያተሮች እስከ 70 ኪሎ ዋት የሚደርስ ሙቀት ወደ ውጭ ይጥላል። የመኪና ራዲያተር የሚቀዘቅዘው በነፋስ ሲሆን የጠፈር ራዲያተር ግን ሙቀቱን መጣል የሚችለው በጨረር መልክ ብቻ ነው። በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ላይ ያለ የራዲያተር ገጽ በአንድ ካሬ ሜትር 460 ዋት ያህል ይጥላል። ይህ ጨረር ለዓይን ባይታይም ከበስተጀርባው ያለው ሰማይ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ስለሆነ፣ ሙቀትን በሚያይ ካሜራ ፊት መርከቢቱ በጨለማ ሜዳ ላይ እንደበራ ፋኖስ ናት። ሞተር ማጥፋት ፋኖሱን ያደበዝዘዋል እንጂ አያጠፋውም።

መደበቅ ከፈለገች ራዲያተሮቿን አጣጥፋ ሙቀቷን በሆዷ መያዝ አለባት። ለምን ያህል ጊዜ? ይህ በስሌት የሚመለስ ነው። መርከቧ 20 ቶን ውኃ አላት፣ የምታመነጨውም ሙቀት 100 ኪሎ ዋት ነው እንበል። ያን ውኃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 14 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ከ5 ዲግሪ ተነሥቶ 45 ዲግሪ እስኪደርስ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠጣው ውኃ ለእግር መታጠቢያ የሚሞቀውን ያህል ይሞቃል፣ ግድግዳው ላብ ያወጣል፣ ሰው መጃጃል ይጀምራል። ብልህ አዛዥ ግን ከማድባቱ በፊት ውኃውን በረዶ ያስደርገዋል። 20 ቶን በረዶ በዚያው ሙቀት ቀልጦ እስኪያልቅ 18 ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ሁሉ ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ ፈቀቅ አይልም። እኛ የምንጽፈው ቢሆን ኖሮ ምዕራፉን የምናስጀምረው ከዚያች በረዶ ነበር፤ አንድ ወጣት ቴክኒሺያን በየግማሽ ሰዓቱ ጋኑን በመዶሻ እጀታ እየቆረቆረ፣ ውስጡ ምን ያህል እንደቀለጠ በድምፁ ሲለይ።

ከአለቱ ጀርባ መሆኗ ግን ከንቱ አይደለም። በምድር ርቀት ላይ ፀሐይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 1,360 ዋት ያህል ታወርዳለች፤ ጥላ ውስጥ ያለች መርከብ ይህን አትቀበልም።

ጥያቄ፦ የኮንትሮባንድ መርከብን ማሳደድ በጠፈር እንዴት ይሆናል? ደርሶባት ማለፍ ነው ወይስ ከኋላ መከተል? (ከዋሽንግተን አካባቢ)

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም። በባሕር ላይ የምትሸሽ መርከብ ሞተሯ ሲጠፋ ውኃው ራሱ ያስቆማታል። በጠፈር የሚያስቆም ነገር ስለሌለ አሳዳጇ መጀመሪያ ነዳጅ አቃጥላ ትፈጥናለች፣ ስትደርስ ደግሞ የተሳዳጇን ፍጥነት በትክክል እስክትይዝ ሌላ ነዳጅ ታቃጥላለች፣ በመጨረሻም ወደ ቤቷ ለመመለስ ያንኑ ሁሉ ትደግማለች። ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ሲዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1903 ያሳተሙት ቀመር ዋጋውን ያሳየናል። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የሚያቃጥል ጥሩ ሞተር ጋዙን በሰከንድ 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይተፋል። መርከቧ ፍጥነቷን በድምሩ ይህንኑ ያህል ለመለወጥ ከመነሻ ክብደቷ 63 በመቶው ነዳጅ መሆን አለበት። እጥፉን ልለውጥ ካለች 86 በመቶ። ነዳጅ ቆጣቢ የሆኑ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠሩ የአዮን ሞተሮች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የመጠቀችው የዶውን መንኮራኩር ሞተር ግን ግፊቱ አንድ ወረቀት መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ከሚጫነው ክብደት አይበልጥም ነበር። በእርሱ ሌባ አይያዝም።

ስለዚህ ማሳደዱን ይተዉትና ኬላውን ያስቡ። ኬላ ጠባቂ ከመኪና ጋር አይሮጥም፤ መንገዱ የሚጠብበት ቦታ መርጦ ገመድ ይወጥራል። በጠፈር መንገዱ የሚጠብበው የጭነት መርከቦች ፍጥነታቸውን ለመቀነስ በሚገደዱበት በፕላኔቶች አቅራቢያ ነው፤ የቅኝት መርከብ ቦታም እዚያ ነው። ከሳምንታት መጠበቅ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት የሚሠራ ሥራ መሆኑ ለሲኒማ ባይመች ለልብወለድ ይመቻል። አንድ ነገር ደግሞ ይጨምሩበት፦ በማርስና በምድር መካከል መልእክት ለመድረስ እንደ ፕላኔቶቹ ርቀት ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። «አስቁሜ ልፈትሽ?» ብሎ ምድርን የጠየቀ አዛዥ መልሱ እስኪመጣለት ተጠርጣሪው ጭነቱን በሙሉ ወደ ውጭ ወርውሮ ይጨርሳል። የቅኝት መርከብ አዛዥ ማዕረጉ ዝቅ ያለ፣ ሥልጣኑ ግን ከማዕረጉ የበለጠ ሰው የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የመርከብ ግድግዳ ሲበሳ ሰዎች በቀዳዳው ተስበው ሲወጡ በፊልም እናያለን። እውነት ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ በትንሽ ቀዳዳ አይሆንም። ውስጧ 200 ሜትር ኩብ አየር ባላት መርከብ ላይ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል፣ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ብትከፈት፣ የአየሩ ግፊት ወደ ሰባ በመቶው ለመውረድ አንድ ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ጆሮ ይደፈናል፣ ፉጨት ይሰማል፣ ሁሉም ቀዳዳውን ይፈልጋል። የሚያስፈራው ፍለጋው ነው።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 1997 በሩሲያው ሚር የጠፈር ጣቢያ የሆነውን ብቻ ማስታወስ ይበቃል። ከሩቅ በእጅ ሲነዳ የነበረ አንድ ሰው አልባ የጭነት መንኮራኩር ከጣቢያው ስፔክትር ከተባለው ክፍል ጋር ተጋጨና ክፍሉን በሳው። ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ጆሯቸው ሲደፈን ወዲያው አወቁ። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ የዚያን ክፍል በር መዝጋት። በሩ ግን አልዘጋ አለ፤ ለወራት ያህል ወዲያና ወዲህ የተዘረጉ ኬብሎች በመሐሉ ያልፉ ነበርና። ከሦስቱ አንዱ አሌክሳንደር ላዙትኪን ከባልደረባው ከማይክል ፎል ጋር ሆኖ ቀጫጭኖቹን በቢላ ቆረጠ፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉትን ወፍራሞቹን ግን መገጣጠሚያቸውን እየፈለገ መንቀል ነበረበት። የውስጠኛው በር የሚሸሸውን አየር ታግሎ ሊመጣለት ስላልቻለ፣ ሌላ ክዳን ከዚህኛው ወገን አምጥተው ሲያስጠጉት ያው የሚሸሸው አየር ራሱ ገፍቶ አጣበቀው። ጣቢያው ዳነ፤ ስፔክትር ላይ ከነበሩት የፀሐይ ሰሌዳዎች ይመጣ የነበረው ኃይል ግን ለጊዜው ጠፋ።

በየቢሯችን በር ሥር የሚያልፈውን፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ያስቀረውን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ገመድ የማያውቅ አንባቢ ስለሌለ፣ ይህ ታሪክ ለማንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። በትንሽ መርከብ ላይ ከጠላት ጥይት በፊት የሚገድለው «ለጊዜው ነው» ተብሎ የተዘረጋ ገመድ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም ጥሩ አዛዥ በየተራው መለዋወጫ ላይ በሮቹን አንድ በአንድ አስዘግቶ ያስከፍታል።

ጥያቄ፦ በጠፈር ላይ መድፍ ተተኩሶ ያውቃል? (ከአዳማ)

መልስ፦ አዎ። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1974 ያመጠቀችው ሳልዩት 3 የተባለ ወታደራዊ ጣቢያ ለአውሮፕላን ከተሠራ ዓይነት የተወሰደ መድፍ ነበረበት፤ በጥር ወር 1975 ሰዎቹ ከጣቢያው ከወጡ በኋላ ከምድር በተሰጠ ትእዛዝ ተተኩሷል። መድፉ በአካሉ ላይ የተተከለ ስለነበር ለማነጣጠር ጣቢያው በሙሉ መዞር ነበረበት። ትንሽ መርከብ ላይ መድፍ ለሚተክል ደራሲ ይህ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ተኳሹና ነጂው ያለ ንግግር የሚግባቡ ሰዎች መሆን አለባቸው፤ ወይም ባይግባቡ ታሪኩ ከዚያ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ አባቴ በምጽዋ በባሕር ኃይል ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ ስለ ቅኝት ጀልባዎች ሲያወሩ ሰምቼ ነው ያደግኩት። አሁን የጠፈር ታሪክ በአማርኛ መጻፍ ጀምሬ በቃላት ተቸገርኩ። ኮርቬት፣ ካፒቴን፣ የመሳሰሉትን እንዴት ልበላቸው? መርከበኞቹስ አዛዣቸውን ምን ብለው ይጥሩት? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ይህን ደብዳቤ ስናነብ ደስ ያለን፣ ጠያቂያችን ራሳቸው ሳያውቁት መልሱን ከቤታቸው ይዘውት ስለመጡ ነው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በኖርዌይ መኮንኖች እገዛ ተቋቋመ፤ ዋናዋ መርከቡም እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የተረከባት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ላይ አውሮፕላኖችን ስታገለግል የነበረችው፣ «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ነበረች። ከእርሷ ሌላ የነበሩት በአብዛኛው ትንንሽ የቅኝት ጀልባዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 መርከቦቹ ወደ ጎረቤት አገሮች ወደቦች ሸሹ፤ ባሕር ኃይሉም በ1996 ፈረሰ፤ እንደገና እንደሚቋቋም የተነገረው በ2018 ነው። እንግዲህ አማርኛ ስለ ግዙፍ ተዋጊ መርከቦች ልምድ ባይኖረውም ስለ ትንሽ የቅኝት መርከብ ኑሮ ግን በእውነት የተነገረበት ቋንቋ ነው። መጀመሪያ አባትዎን ቁጭ አድርገው ይጠይቋቸው፤ ከመዝገበ ቃላት የማይገኘው ከእርሳቸው ይገኛል።

ከእኛ በኩል ጥቂት ሐሳብ እንጨምር። ኮርቬትን እንዳለ ይውሰዱት፤ ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነውና አማርኛም ቢዋሰው አያስነውረውም። ወደ መነሻዋ ቶሎ ቶሎ የምትመለሰውን «የቅኝት ጀልባ»፣ ለወራት ወጥታ የምትቆየውን «የቅኝት መርከብ» ቢሏት ግን አንባቢው ልዩነቱን ሳይነገረው ይይዘዋል። ትልቁ ወጥመድ «ካፒቴን» ነው። በምድር ጦር ማዕረግ ቃሉ ሻምበል ማለት ስለሆነ ብዙ ተርጓሚዎች የመርከብ ካፒቴንን «ሻምበል» ይሉታል። በባሕር ኃይል ግን ካፒቴን የሚባለው ማዕረግ ከኮሎኔል ጋር የሚመጣጠን ነው፤ በዚያ ላይ መርከብን የሚመራ ሰው ማዕረጉ ምንም ይሁን ምን በሥራው ካፒቴን ይባላል። ስለዚህ ለሥራው «የመርከቧ አዛዥ» ይበሉ፤ ማዕረጉን ለብቻው ይስጡት።

ስለ አጠራሩ፦ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «ጌታዬ»፣ በደርግ ዘመን «ጓድ» ይባል እንደነበረ አንባቢዎ ያስታውሳል፤ ስለዚህ የሚመርጡት መጥሪያ ስለሚፈጥሩት መንግሥት አንድ ገጽ ሙሉ ይናገርልዎታል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን የሚስበን አንተና እርስዎ የሚባሉበት ቦታ ነው። አሥራ ስምንት ሰው በዘጠኝ አልጋ እየተፈራረቀ፣ አንዱ የተወውን ሙቅ ብርድ ልብስ ሌላው እየለበሰ ለወራት ሲኖር፣ ምክትሉ አዛዡን ከተራ ውጪ «አንተ» ቢለው የሚገርም አይደለም። ያው ሰው በሬዲዮ ላይ፣ ሌላ መርከብ እየሰማ፣ «ትእዛዝዎን እጠብቃለሁ» ሲል ግን አማርኛ ሌላ ቋንቋ ሁለት ዓረፍተ ነገር የሚፈልግበትን ነገር በአንዲት ቃል ይነግረናል። ይህን መሣሪያ እጅዎ ላይ እያለ አይተዉት።

«መንኮራኩር» የሚለውን ቃል ይወዱት እንደሆነ ጠይቀውናል። እንወደዋለን። በመጽሐፍ ቅዱስ ሕዝቅኤል በራእይ ያያቸው፣ ዙሪያቸውን በዓይን የተሞሉት መንኮራኩሮች መሆናቸውን ማን ይረሳል? የሚያስቀው ትንሽ መርከብ እንደ መንኮራኩር ለመሽከርከር የማትመች መሆኗ ነው። መርከብ ስትሽከረከር በውስጧ ያለው ሰው ክብደት ይሰማዋል፤ ነገር ግን ከመሐል እስከ ግድግዳ 10 ሜትር ብቻ ያላት መርከብ የምድርን ያህል ክብደት ለመስጠት በደቂቃ ዘጠኝ ጊዜ ተኩል መዞር አለባት። የሰው ጆሮ ያን አይችለውም፤ ያቅለሸልሻል። በደቂቃ ሁለት ዙር ብቻ እንዲበቃ ደግሞ ርቀቱ 224 ሜትር መሆን አለበት፤ ያን ጊዜ መርከቧ ትንሽ መሆኗ ቀረ።

ጥያቄ፦ የኔ ገጸ ባሕርያት ሐበሾች ናቸውና በመርከቡ ላይ ቡና ማፍላት አለባቸው። ይቻላል? እንዴት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቡና መጠጣቱስ ተችሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ለጠፈር ተብሎ በተሠራ የጣሊያን ማሽን ኤስፕሬሶ ተፈልቶ ጣሊያናዊቷ ጠፈርተኛ ሳማንታ ክሪስቶፎሬቲ ጠጥተዋል። የእርስዎ ጥያቄ ግን ስለ ጀበና ነው፤ ጀበና ደግሞ ክብደት ይፈልጋል። ክብደት በሌለበት የሚፈላ ውኃ አረፋው ወደ ላይ አይወጣም፤ ካለበት እየተነፋ ቡናውን በአፉ ያስተፋዋል። ከሰሉም ቢሆን ነፋስ ካልተነፋበት በደንብ አይነድም፤ የሞቀ አየር የሚወጣበት «ላይ» ስለሌለ ራሱ ባወጣው ጢስ ይታፈናል።

የሚያዋጣው ሞተሩ ሲሠራ ነው፤ መርከብ ፍጥነት ስትጨምር ወይም ስትቀንስ በውስጧ ክብደት ይኖራል። ሆኖም አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪጠጡ አንድ ሰዓት ይፈጃል ብንል፣ ለዚያን ጊዜ ሁሉ የምድርን አንድ አሥረኛ ክብደት ለማግኘት ፍጥነቷን በሰከንድ 3.5 ኪሎ ሜትር መለወጥ አለባት። በላይ ባየነው የሃይድሮጅን ሞተር ይህ ማለት ከመርከቧ ክብደት ከግማሽ በላዩን ለቡናው ማቃጠል ነው። አንድ መቶኛውን ክብደት ብቻ ይበቃናል ካሉ 8 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን ከጀበናው አፍ 20 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ሲኒው ውስጥ ለመግባት ቡናው ሁለት ሰከንድ ይፈጅበታል። የምትቀዳው ሰው ጀበናውን አዘንብላ ቀና ካደረገች በኋላ ቡናው ገና በመንገድ ላይ ነው።

ስለዚህ ለቡና ተብሎ ሞተር አይነሣም። መርከቧ ወደ ኬላዋ ስትደርስ ፍጥነቷን መቀነሷ አይቀርም፤ ያኔ ከተራ ውጪ ያሉት የኤሌክትሪክ ምድጃውን ያቀጣጥሉ፣ ተረኞቹም ሲኒያቸውን ከወንበራቸው ሳይነሡ ይቀበሉ። ዕጣኑን ግን ይተዉት። በዚያው በ1997፣ ከግጭቱ አራት ወር ቀደም ብሎ፣ በሚር ላይ ኦክስጅን የሚሰጥ ቆርቆሮ ተቃጥሎ ጣቢያው በጢስ ሲሞላ ስድስት ሰዎች ጭምብል አድርገው እሳቱን ታግለዋል፤ ከዚያ ወዲህ ለዕጣን ብሎ የጢስ ጠቋሚውን የሚያጠፋ አዛዥ ቢጽፉ የሚያምንዎ አንባቢ አይገኝም።